የኔታ «ማን አለ?»

መሪጌታ ዓይነኩሉ ማረፋቸውን የሰማሁት አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው። ፍኖተ ሰላም ሳስተምር ተማሪዬ የነበረ፣ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ ወጣት ከሰው መካከል ለይቶኝ መጣ። ከሰላምታው በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔታ ቡሬ ላይ ዐረፉ አሉ» አለኝ።

ሳላስበው፣ «ማን አለ?» አልኩት።

ልጁ ክው ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ሳቃችን ሳያልቅ ሁለታችንም እናለቅስ ጀመር። በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር የማልወድ ሰው፣ ፌርማታው ሙሉ ሕዝብ እያየኝ አለቀስኩ።

«ወንድሜ ነው ያለው» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ቀብሩ ላይ ነበር። አፈር ሲመለስ ቆሞ አይቷል።»

ወንድሙ ካየ እውነት ነው ማለት ነው።

መሪጌታ የመጨረሻ ዓመታታቸውን ያሳለፉት በተወለዱበት በቡሬ፣ በመቃ ብዕር ብራና ላይ መጻሕፍት እየገለበጡ ነው። ከአስተማሪነት ያሰናበታቸውን ደብዳቤ ግልባጭ አይቼዋለሁ። ሁለት መስመር ነው። «ለሥራው አስፈላጊ ሆነው ስላልተገኙ» ይላል። «ሐሰት ስለ ጻፉ» አይልም። እንዲል ግን ብዙ ተደክሞበት ነበር። ያ ቃል ከስማቸው አጠገብ ሳይጻፍ እንዴት እንደ ቀረ የምናውቅ ጥቂት ነን፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ከእናንተ አስቀድሞ የሚያነብ የሳንሱር ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ጤና ይስጥልኝ ብዬዋለሁ። ካልወደደው እንዳለ ያስቀረው። ቃሌን ለውጦ ስሜን ከሥሩ እንዳይተው ግን ልለምነው አስቤ ነበር። አልለምነውም፤ እነግረዋለሁ። ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ፍኖተ ሰላም የሄድኩት ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተመድቤ ነው። እኔ እንግሊዝኛ፣ እሳቸው አማርኛና ግብረ ገብ እናስተምር ነበር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥምጣማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለ ሰው ነበሩ። በካኪ ኮታቸው ኪስ ሁለት ትናንሽ ብልቃጦች ይይዛሉ፤ አንዱ ጥቁር ቀለም፣ አንዱ ቀይ። በወጣትነታቸው መጽሐፍ ጸሐፊ ስለ ነበሩ የሱቅ ቀለም አይወዱም፤ ራሳቸው ይበጠብጡታል። የቀኝ አውራ ጣታቸው ከቀለም ብዛት ጠቁሮ የቀረ ነበር።

ተማሪዎቹ በፊታቸው «የኔታ» ይሏቸዋል፤ በኋላቸው «ማን አለ?» ነው ስማቸው። በእሳቸው ክፍል «አሉ» ወይም «ይባላል» ብሎ ወሬ የጀመረ ልጅ ወዮለት። ቀኝ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ ያስደግፉና ጎንበስ ይላሉ። አንድ ቀን በመስኮት ቆሜ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

«የኔታ፣ ወምበርማ ላይ ጅብ ሰው በላ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰዎች አሉ።»

«ሰዎች የሚባል ሰው አላውቅም። የማን ልጅ ነው?»

«ገበያ ላይ ነው የሰማሁት፣ የኔታ።»

«ገበያ አፍ አወጣ? ኧረግ! ስም ጥራ።»

ልጁ ጨነቀው። «አያ በላይ አለ።»

«አያ በላይ አይቷል?»

«ኧረ እሱም ሰምቶ ነው።»

«እንግዲያው ጅቡ እስካሁን ጦሙን ነው ያለ። ተቀመጥ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ሰሌዳው ዞረው «አለ» የሚለውን ቃል ጻፉና ከፊቱ ባዶ ቦታ ተዉ። «ይህ ቦታ ስም ይፈልጋል» አሉ። «ስም ከሌለው ‹ይባላል› ነው። ‹ይባላል› ደግሞ ጌታ የሌለው ሎሌ ነው፤ ያገኘው ሁሉ ይልከዋል፣ ማንም ግን የኔ ነው አይልም።»

በአስተማሪዎች ክፍል አንድ ቀን ጋዜጣ ሳነብ አገኙኝ። ምን እንደ ተማርኩ ጠየቁኝና፣ እኔም እያፈርኩ፣ ጋዜጣ የሕዝብ ዓይን ነው፣ ሕዝብ የማወቅ መብት አለው፣ ብለው አስተምረውናል አልኳቸው።

«ስሜን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«መሪጌታ ዓይነኩሉ።»

«በግዕዝ የሁሉ ዓይን ማለት ነው። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ስም ሲያወጣ ግን ተሳሳተ። የሁሉ የሚባል ዓይን የለም፣ ልጄ። ዓይን ሁልጊዜ የአንድ ሰው ነው። ሕዝብ አፍ የለውም፤ አፍ ያለው አያ በላይ ነው፣ አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ። የሕዝብን መብት እንሰጣለን የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ የአንዲቱን ስጠኝ በይው። እሷን ከሰጠ የሕዝቡ ተሰጥቷል። እሷን ከነፈገ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሕዝብ ማለቱ ከንቱ ነው።»

ይህን ሲሉ የሒሳብ አስተማሪው ከጥግ ሆኖ፣ «መሪጌታ፣ ብቻዎን ኖረው ብቻዎን ሊቀበሩ ነው?» ብሎ ቀለደባቸው።

«ተሸክሞ የሚቀብረኝማ ሰው ነው» አሉት። «የማየው ግን እኔ ነኝ።»

ያገሬው ሰው አንድ ነገር ፈጽሞ አይገባውም ነበር። መሪጌታ ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ ተቀኝተው ያስተማሩ ናቸው። ግን በሠርግም በበዓልም ቅኔ ዝረፉልን ሲሏቸው እንቢ ይላሉ። ጎጃም ውስጥ ቅኔ እያወቀ የማይቀኝ ሰው፣ ጠላ ጠምቆ እንግዳውን ውኃ እንደሚያጠጣ ባለቤት ነው። ንፉግ ይሏቸው ነበር። ብዙ ሳምንት ፈርቼ ቆየሁና አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ጠየቅኳቸው። ትልቁ ዋርካ ሥር ስንደርስ ቆሙ።

«ወጣት ሳለሁ ነው» አሉ። «አንድ ጌታ ተዝካር አወጣና ጠራኝ። ይህ ጌታ የአንዲት መበለት ማሳ ቀምቶ ነበር። አገር ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እኔ ግን ተናገርሁ። በቅኔ ተናገርሁ። ሰሙ፣ ደመና የመበለቲቱን ማሳ ከፀሐይ ሸፈነላት፣ ምስጋና ይግባው የሚል ነው። ወርቁ፣ ጌታው ማሳዋን ሸፍኖ ያዘባት የሚል። ሊቃውንቱ ‹ይበል! ይበል!› ብለው ዳሱን አናወጡት።»

«ጌታውስ ገባው?»

«ገባው እንጂ! ከሁሉ አብልጦ የሳቀ እሱ ነው። ‹ይህ ልጅ ወጋኝ እኮ!› እያለ ካባ አለበሰኝ።»

«መበለቲቱስ?»

«እሷ ግዕዝ ከየት ታምጣ?» አሉ። «ከዳሱ በር ቆማ ነበር። ስሟ ሲነሣ ሰማች። ያመሰገንኋት መሰላት፤ እልል አለች።»

መንገዳችንን ቀጠልን። «ሰምና ወርቅ የሊቃውንት ጌጥ ነው፤ አልነቅፈውም» አሉ። «ግን ለበደለ ሰው ጨዋታ ይሆንለታል፤ ለተበደለ ሰው ምንም አይሆንለትም። ማሳው እሱ ጋ ቀረ፣ ካባው እኔ ጋ፣ እልልታው እሷ ጋ። ከዚያ ወዲህ የምለው ነገር ቢኖረኝ እሷ በምትሰማው ቃል እለዋለሁ፤ ከሌለኝም ዝም እላለሁ።»

የጉድጓዱ ነገር የመጣው በዚያው ዓመት፣ የካቲት ላይ ነው።

ከትምህርት ቤቱ በታች ለሰፈሩ ሰው የውኃ ጉድጓድ ተቆፈረ። ሴቶቹ እስከ ላህ ወንዝ መውረድ ሊቀርላቸው ነው ተባለና ሪባን ታሰረ፣ ተማሪ ተሰለፈ፣ መዝሙር ተዘመረ። ከግዛት ጽሕፈት ቤት የመጡት ባለሥልጣን፣ ሁላችን ግራዝማች ብለን የምንጠራቸው፣ ሪባኑን ቆረጡና ከጉድጓዱ የተቀዳ ነው የተባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ በፊታችን ጠጡ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ከሳምንት በኋላ ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው እንደ ገና ወደ ላህ ሲወርዱ አየናቸው። በምረቃው ዋዜማ ውኃ በበርሜል መጥቶ ሲገለበጥ አይተናል የሚሉም ነበሩ። መሪጌታ ሐሙስ ጠዋት ብቻቸውን ሄዱ። አርብ ለትምህርት ቤታችን ጋዜጣ አንዲት አጭር ጽሑፍ ይዘው መጡ። ጋዜጣ ማለቴ፣ እኔ በጽሕፈት መኪና ስቴንስል ላይ የምመታው፣ ከዚያ በማባዣ መኪና የሚባዛ ሁለት ቅጠል ወረቀት ነው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ሐሙስ ጠዋት ወደ አዲሱ ጉድጓድ ሄድሁ። ባልዲውን ገመዱ እስኪያልቅ ለቀቅሁት። አፈር ይዞ ወጣ። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ። ጉድጓዱ ውኃ እንደሌለው አየሁ። ዓይነኩሉ።»

ስለ በርሜሉ አንድ ቃል የለበትም። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «በርሜሉን እኔ አላየሁትም» አሉኝ።

እያንዳንዱን ጽሑፍ ዲሬክተሩ አይቶ በሰማያዊ እርሳስ ምልክት ካላደረገበት አይባዛም። ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ብዙ ልጆች ነበሩት፣ ብዙ ይፈራ ነበር። ስቴንስሉን ይዤ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሳለ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«መሪጌታ፣ ይኼ ነገር እንዴት ነው?»

«ደረቅ ነው።»

«ጽሑፉ?»

«ጉድጓዱ።»

ዲሬክተሩ ላብ ላብ አለው። «በእናትዎ መሪጌታ፣ እርስዎ እኮ ሊቅ ነዎት። ቅኔ ያድርጉት። ግራዝማች ራሳቸው ቅኔ ይወዳሉ። እኛም እንስቃለን፣ እሳቸውም ይስቃሉ፣ ነገሩም ይደርሳቸዋል።»

«ነገሩ ይደርሳቸዋል፤ ውኃው ግን ለሴቶቹ አይደርስም።»

«እሺ፣ ቅኔው ይቅር። አንዲት ቃል ብቻ እንለውጥ። ‹አየሁ› የምትለዋን። ‹ጉድጓዱ ውኃ አንሶታል ይባላል› ብንል ማን ይጎዳል? ማን አለ ብሎ የሚጠይቅም አይኖርም።»

«እንዲጠይቁኝ ብዬ እኮ ነው የጻፍሁት።»

«ይጠይቁዎታላ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ እመልሳለሁ።» ተነሥተው ቆሙ። «ጌታዬ፣ አንቱ የቤቱ አዛዥ ነዎት። ወረቀቱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ አይወጣም ካሉ አይወጣም። ግን ከለከልሁ ብለው፣ በስምዎ ይከልክሉ። እኔም ሌላ ቦታ ቆሜ እለዋለሁ። አፌን መዝጋት አንድ ነገር ነው። ምላሴን ቆርጦ የሌላ ሰው ምላስ አፌ ውስጥ መትከል ሌላ ነገር ነው። ስሜ ካለበት ቃሉ የኔ ይሁን፤ ቃሉ የኔ ካልሆነ ስሜን መልሱልኝ።»

ከወጡ በኋላ ዲሬክተሩ በሩን ዘጋ። «ወይዘሪት ሙሉነሽ» አለኝ፤ ድምፁ ልመና ነበረው። «እንዳለ ብተወው ከሥራ ያስወጣቸዋል። ጨርሼ ባስቀረው ደግሞ ገበያ መሃል ቆመው ይናገሩታል፣ ያውቋቸዋል። ያቺን ቃል ለውጫት። ለእሳቸው ሲባል ነው።»

ለወጥኩት። ‹ለእሳቸው ነው› ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አሁን ሳስበው ለራሴም ነበር፤ አገልግሎቴ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር፣ ስለ ጠባዬ የሚጻፍልኝ ወረቀት ነበር። ጣቴ ይ፣ ባ፣ ላ፣ ልን ሲመታ ጊዜ አልፈጀበትም። ከሥሩ «ዓይነኩሉ» ብዬ መታሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መቶ ያህሉ ቅጂ ተባዝቶ በአስተማሪዎች ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተከምሯል። መሪጌታ ገቡ፣ ከላይ ያለውን አነሡ፣ አነበቡ። መዳፋቸው ቀስ ብሎ ወደ ጆሯቸው ኋላ ሄደ።

«ማን አለ?»

«ዲሬክተሩ…»

«ዲሬክተሩ መኪና መምታት አይችልም። ጣቱ የማን ነበር?»

«የኔ» አልኩ። ወለሉ ቢከፈት በገባሁ ነበር።

«ደግ» አሉ። «ባለቤት ተገኘ። አትደንግጪ፤ መጽሐፍ ሲሳሳት አይቃጠልም፣ ይታረማል።»

ወንበር ስበው ተቀመጡና ብልቃጦቹን አወጡ። «ያችን ‹አንሶታል ይባላል› በጥቁሩ አጥፊ» አሉኝ። «ያጠፋሽ አንቺ ነሽና አንቺው አጥፊያት። ይህ ደግሞ ቅኔ አይደለም!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ፈገግ አሉ። እኔ ሰርዤ አቀብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ከመስመሩ በላይ፣ ቁም ጽሕፈት በሚሉት በዚያ ቀጥ ባለ ፊደል፣ ‹እንደሌለው አየሁ› ብለው ይጽፋሉ። ‹አየሁ› የምትለዋን ብቻ በቀይ። ድካማቸውን አይቼ ልጻፍልዎ ብላቸው እጄን ገፉት።

«አይሆንም። አንቺ አላየሽም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እግሬ ወደ ጉድጓዱ ወሰደኝ። ሦስት ሴቶች እንስራ አዝለው ከላህ ይወጡ ነበር። አንዷ አየችኝና ቆመች።

«ኧረግ፣ እመት አስተማሪ! ከደረቅ ጉድጓድ ምን ልትቀጂ ነው?»

«ልይ ብዬ ነው» አልኳት።

«ግራዝማች ጠጥተው ጨርሰውታል፣ አንቺዬ!» አለች ሌላዋ፤ እንስራቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ባልዲውን ለቀቅኩት። ገመዱ እጄን ፈጀው። ታች ሲደርስ ጠብ የሚል ድምፅ ጠበቅኩ፤ የሰማሁት ቆርቆሮ ድንጋይ ሲመታ ነው። ስስበው ከአፈሩ ጋር የተቆራረጠ ሪባን ወጣ። ሰኞ ጠዋት ለመሪጌታ፣ «አየሁ» አልኳቸው።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ አይቼዋለሁ» አሉኝና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ወረቀቱ የዚያኑ ዕለት በተማሪዎች እጅ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎች ሳይቀሩ አጥፈው በጥምጣማቸው ውስጥ ይይዙት ጀመር፤ ቀይዋን ቃል በጣታቸው እየነኩ «ይቺ ምን ትላለች?» ይሉ ነበር። ፊደል የቆጠረ ሁሉ «አየሁ ትላለች» ይላቸዋል።

ጉባኤው ወዲያው ተጠራ። ግራዝማች መጡ፤ የደብሩ አለቃ መጡ፤ ዲሬክተሩ አለ። እኔ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ክሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሐሰት ጽፈው ሰው አሳስተዋል። ሁለተኛ፣ ለቅዱሳን ስም በሚጻፍበት በቀይ ቀለም የራሳቸውን ነገር ጽፈዋል። በዚያ ክፍል የሚፈረመው ወረቀት ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች የሚያዩት ሰውየውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። «ሐሰተኛ» ከተባሉ፣ በአስተማሪነት ብቻ ሳይሆን በመጽሐፍ ጸሐፊነትም ማንም ደብር አያስጠጋቸውም። ሐሰተኛ እጅ የጻፈውን መጽሐፍ ማን ይቀድስበታል?

አለቃ ጀመሩ። «መሪጌታ፣ ስምህን በቀይ ጻፍህ የሚሉ አሉ።»

«ስሜ በጥቁር ነው አባቴ፤ ወረቀቱ ይኸው። በቀይ የጻፍሁት ‹አየሁ› የምትለዋን ነው።»

«እሷስ ቢሆን በቀይ መሆኗ ለምን?»

«ምስክርነት ስለሆነች። በሐሰት አትመስክር ያለ ጌታ፣ በእውነት ሲመሰከር ቀይ ቀለም ይነፍጋል?»

አለቃ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እሱስ…» አሉ።

ግራዝማች ጠረጴዛውን መቱት። «የቀለም ወሬ ተዉ! ሰውዬ፣ ውኃውን በፊትህ ስጠጣ አላየህም?»

«ብርጭቆ ውስጥ የነበረውን አይቻለሁ። ስለ ብርጭቆው አልጻፍሁም።»

«ጉድጓዱ ውኃ እንዳለው ተረጋግጧል!»

የመሪጌታ መዳፍ ወደ ጆሮ ሄደ። «ማን አረጋገጠ?»

«ሪፖርት ቀርቦልኛል።»

«አንቱስ አይተውታል?»

«እኔ መረቅሁት!»

«ሲመርቁ ጎንበስ ብለው አይተውታል ወይ ነው የምለው።»

«እኔ ለጉድጓድ ጎንበስ አልልም! አላየሁም፤ ማየትም አያሻኝም።» ወደ ዲሬክተሩ ዞሩ። «ሪፖርቱን የላክህ አንተ አይደለህም? ንገረው እንጂ!»

«እኔ… አለው ስለተባለ ነው የላክሁት፣ ጌታዬ።»

«አይተሃል?» አሉት ግራዝማች።

«አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«አለቃስ?» አሉ መሪጌታ በትሕትና።

«እኔ አሮጌ ነኝ፣ ልጄ፤ ከደብሬ ወዲያ ምን አያለሁ? አላየሁም።»

መሪጌታ ተነሡ። «ጉድጓዱ ከዚህ መስኮት ይታያል። ባልዲው እዚያው ነው። ውኃ ይዞ ከወጣ ሐሰተኛ በሉኝ፤ በገዛ እጄ እፈርማለሁ። እንሂድ።»

ማንም አልተነሣም። ግራዝማች ኮታቸውን አስተካከሉ። አለቃ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። በመስኮቱ የፀሐይ ብርሃን ይገባ ነበር፤ ሁላቸውም ግን ወደ ወለሉ ያዩ ነበር።

«ጻፊ» አለኝ ዲሬክተሩ። «‹ጉድጓዱ ውኃ እንዳለው ተረጋግጧል፤ መሪጌታ ዓይነኩሉ ሐሰት መጻፋቸው ታውቋል› ብለሽ ጻፊና እንፈርም።»

ሻይ መጣ። ስለ ግራዝማች በቅሎ ወሬ ተጀመረ። እኔ ጻፍኩ።

«ግራዝማች ጉድጓዱን አይተው እንደሆነ ተጠይቀው ‹አላየሁም› አሉ። ዲሬክተሩ ‹አላየሁም› አሉ። አለቃ ‹አላየሁም› አሉ። መሪጌታ ዓይነኩሉ ‹አየሁ› አሉ። ሄደን እንይ ቢሉም የተነሣ የለም። የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ እኔ ሙሉነሽ፣ እሑድ ጠዋት ባልዲውን አውርጄ አየሁ። ጉድጓዱ ውሃ የለውም። አለው፣ አይቻለሁ የሚል ሰው በዚህ ጉባኤ አልተገኘም።»

ወረቀቱን ለግራዝማች ሰጠኋቸው። ስለ በቅሏቸው እያወሩ፣ ዓይናቸውን ከአለቃ ሳይነቅሉ፣ ጠምዘዝ ባለ ፊርማቸው ፈረሙ። አለቃ «የት ላይ ነው?» አሉኝ፤ ቦታውን አሳየኋቸው፤ ፈረሙ። ዲሬክተሩ ተቀበለ። ዓይኖቹ ወረቀቱ ላይ ረዥም ጊዜ ቆዩ። አነበበው አልልም፣ አላነበበውም አልልም፤ ያየሁት ጆሮው ሲቀላ ብቻ ነው። ፈረመ።

«እሱም ይፈርምበት» አሉ ግራዝማች። «ክዶ እንዳይል።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ክፍል ውስጥ የሚፈርሙትን የሚያነቡ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጣታቸውን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያስኬዱ፣ ብራና እንደሚመረምር ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወደ ላይ ተመለሰ። እንደገና ቆመ።

«ምነው?» አሉ ግራዝማች። «ምን አገኘህ?»

«የፊደል ስሕተት ነው፣ ግራዝማች።» ወደ እኔ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ውኃ በብዙኃኑ ‹ኀ› ነው የሚጻፈው። ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምሩም?»

«ይቅርታ፣ የኔታ» አልኩ።

ብዕራቸውን ነክረው ፊደሏን አረሟት፤ እስክትደርቅ እፍ አሉባት።

«የቀረው እንዳለ ነው» አሉና ፈረሙ።